ከእጅ አይሻል ሰንጢ

ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው፣ ሻይ ይዛችሁ አንብቡ። ለመሳደብ ያሰበም መጀመሪያ ይጨርሰው፣ ከዚያ ኮሜንት ላይ እንገናኛለን።

«ሰንጢ» ሲባል ቀድሞ የሚመጣላችሁ ምንድን ነው? እውነቱን እንነጋገር። ዱርዬ ነው። ጨለማ ሰፈር፣ ስልክ ቀምቶ የሚሮጥ ልጅ፣ መጠጥ ቤት በር ላይ የሚነሳ ግርግር ነው። አንድ ደህና የለበሰ ሰው ከኪሱ ሰንጢ አውጥቶ ብርቱካን ቢልጥ አጠገቡ የተቀመጠው ወንበሩን ሳብ ያደርጋል። የመምህራን ክፍል ውስጥ ደግሞ «መምህር፣ አንተም?» ይባላል። አዎ፣ እኔም። ከትምህርት ቤት ግቢ ውጭ ኪሴ ውስጥ ሰንጢ አለ፤ የማፍርበትም ነገር የለም።

የዛሬው ጠቤ ከሁለት ዓይነት ሰዎች ጋር ነው። አንደኛው ሰንጢ ባየ ቁጥር የሚደነግጠው ነው። ሁለተኛው ሰንጢ ገዝቶ መስታወት ፊት የሚቆመው ነው። እነዚህ ሁለቱ ተቃራኒ ይመስላሉ እንጂ ሃሳባቸው አንድ ነው። ሁለቱም ሰንጢ ማለት የሰው መውጊያ ነው ብለው ያምናሉ። አንዱ ይፈራዋል፣ አንዱ ይወደዋል፣ በቃ። በእነሱ መሃል ገመድ መቁረጥ፣ ማንጎ መላጥ፣ ካርቶን መክፈት የፈለገ ጤነኛ ሰው ጠፍቷል። ገበያውም ለሁለተኛው ሰውዬ ብቻ ሆኗል።

እስቲ ዕቃ የሚሸጥበት መንገድ ዳር ሂዱና እዩ። መርካቶ ሊሆን ይችላል፣ የየከተማችሁ መናኸሪያ አካባቢ ሊሆን ይችላል፣ ሱቅ በደረቴ የተሸከመ ልጅም ሊሆን ይችላል። ባትሪ፣ መነጽር፣ ቻርጀር፣ ከዚያ መሃል ሰንጢ። ምን ዓይነት ሰንጢ? ጥቁር ቀለም የተቀባ፣ ጀርባው እንደ መጋዝ የተጠረሰ፣ እጀታው ላይ የራስ ቅል ወይ ዘንዶ የተሳለበት፣ በስፕሪንግ ጧ ብሎ የሚከፈት። ሻጩ «ኮማንዶ ነው ወንድሜ፣ ኦሪጅናል» ይልሃል። የትኛው ኮማንዶ እንደሆነ እሱም አያውቅም። ሁለቴ ሦስቴ ጧ ጧ ያደርግልሃል፣ አንተም ትደሰታለህ፣ ትከፍላለህ።

ቤት ወስደህ ቲማቲም ላይ ሞክረው። ቲማቲሙ ይጨፈለቃል እንጂ አይቆረጥም። ሲባጎ ላይ ሞክረው፣ እንደ መጋዝ እየፈተግከው ይቆያል። በሁለተኛው ሳምንት ስፕሪንጉ ይላላል። በወሩ ስለቱ ከእጀታው ውስጥ ወዲያና ወዲህ መወዛወዝ ይጀምራል። አባቶቻችን ለእንዲህ ዓይነቱ ዕቃ የሰጡት ስም አለ፦ ከእጅ አይሻል ዶማ። ይኼኛው ከእጅ አይሻል ሰንጢ ነው። እንደውም ከእጅ ያንሳል፣ እጅ ቢያንስ ጌታውን አይቆርጥም።

ይሄን ስል ለጨዋታ አይደለም። አንድ ባልደረባዬ እንዲህ ባለ ሰንጢ የመጽሐፍ ካርቶን እየከፈተ መቆለፊያው ከዳውና ስለቱ ተመልሶ ጣቱ ላይ ታጠፈ። የጠመኔ እጁ ነው። ተሰፍቶ ለሳምንታት በግራ እጁ ሲጽፍ ተማሪዎቹ ሳቁበት። እሱ ሰው ለመውጋት አልነበረም የገዛው፣ ለሥራ ነው። ዕቃው ግን ለሥራ አልተሠራም። ለመልክ ነው የተሠራው።

አሁን ወደ ፈሪዎቹ ልዙር።

«ሰንጢ ከሰው ኪስ ይጥፋ» የምትሉ ወገኖች አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። በየቤታችሁ ያለው ልጅ እርሳሱን በምን ነው የሚቀርጸው? መቅረጫው ሲደንዝ ወይ ሲጠፋ በምንድን ነው? በምላጭ ነው። ለሁለት የተሰበረ ምላጭ፣ እጀታ የሌለው፣ መሸፈኛ የሌለው፣ ደብተር መሃል ወይ የደረት ኪስ ውስጥ የተወሸቀ። ጥፍር በሱ ይቆረጣል፣ የልብስ ስፌት በሱ ይተረተራል፣ እርሳስ በሱ ይቀረጻል። ከሰንጢ በላይ የሰላ፣ ከሰንጢ በላይ ለያዡ አደገኛ፣ ከሰንጢ በላይ ለመደበቅ የሚመች ዕቃ ነው። ስለ ምላጭ ግን ማንም ሲደነግጥ አላየሁም። ለምን? ምላጭ ፊልም ላይ ጧ ብሎ ስለማይከፈት ነው። የምንፈራው ስለቱን ሳይሆን ወሬውን ነው ማለት ነው።

በዚህ በኩል ከጃፓን የምንማረው ታሪክ አለ። ጃፓኖች ሂጎኖካሚ የሚባል ተጣጣፊ ሰንጢ አላቸው። ከ1890ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሚኪ በምትባል የብረት ሠራተኞች ከተማ የሚሠራ ነው። እጀታው አንድ የታጠፈ ቆርቆሮ ነው፤ ስፕሪንግ የለው፣ መቆለፊያ የለው፣ ሲከፈት በአውራ ጣት ተጭነህ ነው የምትይዘው። ርካሽ ነበር። የተማሪ ዕቃ ነበር። ልጆች እርሳስ ይቀርጹበት፣ መጫወቻ ይጠርቡበት ነበር። በ1960 ኢኔጂሮ አሳኑማ የተባሉ የሶሻሊስት ፓርቲ መሪ መድረክ ላይ ንግግር ሲያደርጉ አንድ የ17 ዓመት ወጣት በሰው ፊት ገደላቸው። የገደላቸው በአጭር ሰይፍ ነው። ልብ በሉ፣ በሰይፍ። ከዚያ በኋላ አገሩ ሁሉ ልጆች ስለት እንዳይዙ የሚል ዘመቻ ውስጥ ገባና ሂጎኖካሚ ከተማሪ ቦርሳ ጠፋ። ይሠሩት የነበሩ አውደ ጥናቶች አንድ በአንድ ተዘጉ፤ ዛሬ በዚያ ስም የሚሠራው የአንድ ቤተሰብ ቤት ብቻ ነው። ሰይፍ ለገደለ፣ እርሳስ መቅረጫው ተቀጣ። እኛስ ምን እንላለን? አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ።

ሌላ ምሳሌ። በዓለም ላይ በጣም የታወቀው የኪስ ሰንጢ የትኛው ነው? ቀዩ፣ ነጭ መስቀል ያለበት የስዊዝ ሰንጢ ነው። የተጀመረው ለወታደር ነው። ወታደር ስለተባለ ሰው መውጊያ እንዳይመስላችሁ። የስዊዝ ጦር በ1890ዎቹ መግቢያ ለወታደሮቹ ሰንጢ ያደለው ጣሳ እንዲከፍቱበትና የጠመንጃቸውን ብሎን እንዲፈቱበት ነው። ስለት፣ ጣሳ መክፈቻ፣ ካቻቪቴ፣ መብሻ፣ አራት ነገር። ካርል ኤልዝነር የተባለው ባለእጅ በ1897 ቀለል አድርጎ፣ የቡሽ መንቀያ ጨምሮበት የመኮንን ሰንጢ ብሎ አስመዘገበው። እስከ ዛሬ ያ ነው የሚሸጠው። እውነተኛ ጦር ያለው መንግሥት ለወታደሩ የሰጠው ሰንጢ የራስ ቅል ሥዕል የለበትም፣ ጧ አይልም። ኮማንዶ መምሰል የሚያምረው ኮማንዶ ያልሆነ ሰው ብቻ ነው።

ሕግም ቢሆን ልዩነቱን ያውቃል። እንግሊዝ በስለት ጉዳይ ጥብቅ ከሚባሉት አገሮች አንዷ ናት። እዚያ እንኳ የማይቆለፍና ስለቱ ከ3 ኢንች፣ ማለትም ከ7.6 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ያልበለጠ ተጣጣፊ ሰንጢ ኪስ ውስጥ መያዝ በራሱ ወንጀል አይደለም። በስፕሪንግ ተፈናጥሮ የሚከፈተውን መሥራትና መሸጥ ግን ከ1959 ጀምሮ ክልክል ነው። ያ አገር አንዱን ከሌላው ለየ። እኛ ዘንድ ግን ተገላቢጦሽ ነው፤ ወሬው ሁሉንም በአንድ ስም ይኮንናል፣ ገበያው የሚያቀርበው ደግሞ የተፈናጣሪውን ዓይነት ብቻ ነው።

እሺ፣ ታዲያ ምን እንግዛ? አሁን እንደ አስተማሪ ልሁንና ተራ በተራ ልሂድ። በመምህር ደመወዝ የሚገዛ ነው የማወራው፣ ዩቲዩብ ላይ እንደሚታየው የወር ደመወዝ የሚበላ ሰንጢ አይደለም። እሱም ሌላ በሽታ ነው፤ ሰውዬው ውድ ሰንጢ ገዝቶ እንዳይጫርበት ብሎ በጨርቅ ጠቅልሎ ያስቀምጠዋል፣ ብርቱካኑን በጥርሱ ይልጣል።

1ኛ። ሥራህን ቁጠር። ባለፈው ሳምንት ስለት የፈለግህባቸውን ጊዜያት አስታውስ። ጆንያ መፍታት፣ ሲባጎ መቁረጥ፣ የታሸገ ካርቶን፣ ፍራፍሬ፣ መፋቂያ መላግ፣ እርሳስ መቅረጽ፣ የተተረተረ ክር፣ መንገድ ላይ የተገዛ ሸንኮራ አገዳ። ከነዚህ ውስጥ ረጅም ስለት የሚፈልግ አለ? የለም። ከ6 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ሁሉንም ይሠራል። በቀላሉ ለመለካት የአራቱን ጣቶችህን ስፋት ተመልከት፣ ስለቱ ከዚያ ብዙ ማለፍ የለበትም። ከዚያ በላይ የሚረዝም ሰንጢ ፈልገህ ከሆነ ሥራህ ምን እንደሆነ ራስህን ጠይቅ።

2ኛ። ቀጭን ምረጥ። ሰው ወፍራም ስለት ሲያይ «ጠንካራ ነው» ይላል። ፊዚክስ የተማረ ሰው ግን ግፊት ማለት ኃይል ለስፋት ሲካፈል እንደሆነ ያውቃል። አፉ በቀጠነ ቁጥር ትንሽ ኃይል ይበቃዋል። ወፍራሙ ስለት ካሮትን አይቆርጥም፣ እንደ ሽብልቅ ገብቶ ይሰነጥቀዋል። ጀርባው 2 ሚሊ ሜትር አካባቢ ወይ ከዚያ በታች የሆነ፣ ወደ አፉ ሲወርድ እየሳሳ የሚሄድ ፈልግ። በዚህ ሰንጢ ሚስማር አትንቀል፣ ቆርኪ አትክፈት፣ በር አትፈልቅቅ። ለዚያ ሌላ ዕቃ አለ።

3ኛ። «ስቴይንለስ» የሚለው ጽሑፍ አያታልህ። ስቴይንለስ ማለት ዝገትን ይቋቋማል ማለት ብቻ ነው፤ ውስጡ ክሮሚየም በብዛት ስላለ ነው። ማንኪያህም ስቴይንለስ ነው፣ ግን በማንኪያ ሥጋ አትቆርጥም። ስለት እንዲይዝ ብረቱ በቂ ካርቦን ሊኖረውና በሙቀት በደንብ ተሠርቶ ሊጠነክር ይገባል። የርካሹ ጥቁር ሰንጢ በሽታ እዚህ ነው፤ ብረቱ ለስላሳ ነው፣ ዛሬ ብትስለው ነገ አፉ ይተጣጠፋል። ቀለም የተቀባውም ይሄንኑ ለመሸፈን ነው።

ከዚህ ሌላ ካርቦን ስቲል የሚባለው አለ። ቶሎ ይሳላል፣ በጣም ይሰላል፣ ግን ይዝጋል። ሎሚ ቆርጠህ ሳትጠርገው ካደርክ ጠዋት ጠቁሮ ታገኘዋለህ። ጠርገህ የምታስቀምጥ ሰው ከሆንክ ካርቦን ያዝ፣ የምትረሳ ከሆንክ ስቴይንለስ ያዝ። ይኸው ነው ልዩነቱ። ማጠፊያው ላይ አልፎ አልፎ አንድ ጠብታ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ጣል አድርግበት። የምግብ ዘይት አታድርግ፣ ቆይቶ እንደ ሙጫ ይጣበቃል።

4ኛ። ማጠፊያውን ፈትሽ። ሱቁ በር ላይ ቆመህ ክፈተውና ስለቱን በሁለት ጣት ይዘህ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ወዝውዘው። ከተንቀሳቀሰ መልስለት። ዝጋውና ጫፉ ሙሉ በሙሉ እጀታው ውስጥ መግባቱን እይ፤ ጫፉ ብቅ ካለ ኪስህን ይቀዳል፣ ጭንህንም ይወጋል። መቆለፊያ ካለው ክፈትና ጣቶችህን ከስለቱ መንገድ አርቀህ ጀርባውን ጠረጴዛ ላይ ቀስ ብለህ ጫን። ከታጠፈ ያ መቆለፊያ ውሸት ነው። ውሸታም መቆለፊያ ደግሞ መቆለፊያ ከሌለው ይብሳል፣ ምክንያቱም አንተ አምነኸዋል። የባልደረባዬን ጣት ያስታውሷል።

መቆለፊያ የሌለው ሰንጢ ነውር የለበትም። የተለመደው የስዊዙ ሰንጢ ዋና ስለቱ አይቆለፍም፣ በስፕሪንግ ጫና ብቻ ነው የሚቆመው። ሰው ከመቶ ዓመት በላይ ተጠቅሞበታል። ሕጉ አንድ ነው፦ መቁረጥ እንጂ መውጋት የለም፣ በጫፉ አትግፋ።

5ኛ። መጋዝ ጥርስ ያለውን ተው። ግማሹ ለስላሳ ግማሹ ጥርስ የሆነ ስለት መጀመሪያ ያምራል። ሲደንዝ ግን በተራ ድንጋይ አይሳልም። በጀርባው ላይ የተጠረሰው ደግሞ ለጌጥ ነው፣ እንኳን እንጨት ሳሙና አይቆርጥም።

6ኛ። ስትገዛ መሳያውንም አስብ። ያልተሳለ ሰንጢ ከተሳለው ይልቅ ያቆስላል፤ ኃይል ትጨምርበታለህ፣ ያመልጥሃል፣ እጅህ ላይ ያርፋል። ድንጋይ ካለህ ጥሩ ነው። ከሌለህ እናትህ ቤት ያለች ሲኒ ትበቃሃለች። ገልብጣት። ቂጧ ላይ ያልተወለወለች ሻካራ ቀለበት አለች። ስለቱን ወደ 20 ዲግሪ ያህል አዘንብለህ፣ ሲኒዋን እንደምትልጥ አድርገህ፣ አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ ሳብ። ሃያ ሠላሳ ጊዜ ይበቃል። ከዚያ ወረቀት ያዝና ቁረጥበት። ሳይንጠለጠል ሸርተት ካለ ተስሏል። ሲኒዋን አጥበህ መልስ፣ አለበለዚያ ከእናትህ ጋር የምትጣላው አንተ ነህ።

አሁን ስም ጥራ ትሉኛላችሁ። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁና «ምን ላምጣልህ» ካለ፣ ሽቶ ከማለት ይልቅ ኦፒኔል ቁጥር 8 በሉት። ፈረንሳይ ውስጥ ሳቧ በሚባል ተራራማ አገር ጆሴፍ ኦፒኔል በ1890 የጀመረው የገበሬ ሰንጢ ነው። የእንጨት እጀታ፣ አንድ ስለት፣ አንድ ሚስማር፣ አንድ የምትዞር የብረት ቀለበት። ቀለበቷ በ1955 የተጨመረች ናት፣ ስትዞር ስለቱን ትቆልፈዋለች። ቁጥር 8 ስለቱ 8.5 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ከኔ ልክ ትንሽ ያልፋል፤ ይሄ የበዛበት ቁጥር 7 ወይ 6 ይበል። ዋጋው እዚያ ከ20 ዩሮ ብዙም አይርቅም። ካርቦንም ስቴይንለስም አለው። አንድ ድክመቱን ልንገራችሁ፤ እጀታው እንጨት ስለሆነ ውሃ ሲገባው ያብጥና መክፈት ያስቸግራል። አታርጥቡት። ትንሹ የስዊዝ ሰንጢም ጥሩ ነው፣ በተለይ ካቻቪቴና መክፈቻ ለሚያስፈልገው። ብቻ እዚህ መንገድ ላይ በቀይ ፕላስቲክና በነጭ መስቀል የሚሸጠውን ሁሉ የስዊዝ አትበሉ። ዘመዳችሁ ደግሞ በእጅ ሻንጣ ሳይሆን በሚጫነው ሻንጣ ያድርገው፤ አለበለዚያ ፍተሻ ላይ ይወሰድበታል፣ እናንተም ሽቶውን እንኳ ታጣላችሁ።

ዘመድ የሌለንስ? እዚህ ላይ ነው የሚያንገበግበኝ። አገራችን ብረት ቀጥቅጦ ስለት የሚያወጣ ሰው አጥቶ አያውቅም። ያረጀ የመኪና ባሌስትራ ቆርጦ፣ በከሰል አግሎ፣ ቀጥቅጦ ቢላዋ የሚያወጣ ባለእጅ ዛሬም በየገበያው አለ። ባሌስትራ ደግሞ ቀልድ ብረት አይደለም፤ ጭነት ተሸክሞ ሲታጠፍና ሲመለስ የሚኖር የስፕሪንግ ስቲል ነው። በደንብ ከተሠራ ስለት ይይዛል። የትምህርት ቤታችን ዘበኛ ጋሼ አንድ አላቸው፤ እጀታው የወይራ እንጨት ነው፣ ስለቱ ከመሳል ብዛት ጠቦ ግማሽ ሆኗል። ዓመታት ሠርቷል፣ አሁንም ይሠራል። ከኮማንዶው ጋር አስተያዩት እስቲ።

ታዲያ እነዚህን ሰዎች ምን አደረግናቸው? ቀጥቃጭ ብለን ሰደብናቸው፣ ቡዳ ብለን ሸሸናቸው፣ ልጆቻችንን ከነሱ ጋር አላጋባንም። አፄ ምኒልክ እንኳ በዘመናቸው ባለእጅን በሥራው የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ አስነግረዋል። ከመቶ ዓመት በላይ አለፈው፣ አዋጁን ገና አልሰማንም። ባለእጁን ንቀን ጥለን በባሕር የመጣ ቆርቆሮ በደስታ እንገዛለን። ተጣጣፊ ሰንጢ የሚሠራ ባለእጅ ባታገኙ እንኳ ትንሽ ቢላዋ ከነአፎቷ አሠሩና ለቤት ለጓሮ ሥራ ተጠቀሙባት። ገንዘባችሁ እዚሁ ይቀራል፣ ስትደንዝም የሚስልላችሁ ሰው አድራሻው ይታወቃል።

ወደ ዋናው ተቃውሞ ልምጣ፣ ሳልነካው ባልፍ ልክ አይሆንም። «መምህር፣ አንተ ስለ ብርቱካን ታወራለህ፣ ልጆች ግን እየተወጋጉ ነው» ትሉኛላችሁ። እውነት ነው። እኔም ክፍል ውስጥ የምቆም ሰው ነኝ፣ ተማሪ ቦርሳ ውስጥ የተገኘ ስለት በእጄ ተቀብያለሁ። ስለዚህ ግልጽ ላድርግ። ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ሰንጢ አይገባም፣ የኔም አይገባም፣ ቤት ትቼው ነው የምመጣው። መጠጥ ቤት፣ ኳስ ሜዳ፣ ሰው የሚሰበሰብበትና የሚሟሟቅበት ቦታ አይያዝም። ፖሊስ ወይ ፈታሽ አስቀምጥ ካለ ክርክር የለም፣ ይቀመጣል። በምትኖሩበት አካባቢ አይያዝ ከተባለም አይያዝ፣ ቤት ይሁን። በዚህ ላይ ከማንም ጋር አልከራከርም።

የምከራከረው በሚቀጥለው ጥያቄ ላይ ነው። ያ ልጅ ስለት ምን እንደሆነ ከማን ተማረ? ከአባቱ ጋር ተቀምጦ እንጨት ጠርቦ ያውቃል? ስለት ለሰው ሲሰጥ እጀታው ወደ ተቀባዩ እንደሚዞር ያሳየው አለ? ሲቆርጥ ወደ ራሱ ሳይሆን ወደ ውጭ እንደሚቆርጥ፣ ተጠቅሞ እንደሚዘጋ፣ ለጨዋታ እንደማይመዘዝ የነገረው አለ? የለም። እኛ «አትንካ» ብቻ ብለነዋል። የነካው ቀን ያስተማረው ፊልም ነው። ገበያ ሲሄድ ያገኘውም ልክ የፊልሙን ሰንጢ ነው። ከዚያ «ይሄ ትውልድ!» እያልን ራሳችንን እንነቀንቃለን።

የገጠር ልጅን እዩ። ማጭድ ይይዛል፣ ገጀራ ይይዛል፣ ካራ ይይዛል። በስንት ዓመቱ? ገና በልጅነቱ። ጉሊት ያለች እናት ቀኑን ሙሉ ቢላዋ ይዛ ጎመን ስትከትፍ ትውላለች፣ ማንም አይፈራትም። ቁርጥ ቤት ገብታችሁ ከማታውቁት ሰው አጠገብ ተቀምጣችሁ፣ እያንዳንዳችሁ ስለታም ቢላዋ በእጃችሁ ይዛችሁ፣ ትሥቃላችሁ ትበላላችሁ። አንድም ሰው ወንበሩን ሳብ አያደርግም። ለምን? እዚያ ስለቱ ሥራ አለው። ስለት ሥራ ሲኖረው ሰው ሥራውን ያያል። ሥራ ሲያጣ ሰው ሌላ ሥራ ይፈልግለታል። የኮማንዶው ሰንጢ ዋና ጥፋት ይሄ ነው፤ ቲማቲም መቁረጥ አይችልም፣ ገመድ መቁረጥ አይችልም፣ የቀረው ሥራው ማስፈራራት ብቻ ነው። የገዛው ልጅ ደግሞ አንድ ቀን ያንን ሥራ ያሠራዋል።

ለዚህ ነው የሰንጢ ምርጫ ተራ የዕቃ ጉዳይ አይደለም የምለው። አባት ለልጁ፣ ታላቅ ወንድም ለታናሹ፣ አጎት ለእህቱ ልጅ የሚያሳየው የመጀመሪያ ሰንጢ የእንጨት እጀታ ያላት፣ አጭር፣ ቀጭን፣ በሁለት እጅ ቀስ ተብላ የምትከፈት ብትሆን፣ ልጁ ሰንጢ ማለት ይሄ ነው ብሎ ያድጋል። ለማስፈራራት እንኳ ቢያወጣት ሰው ይሥቅበታል፣ የማንጎ መላጫ ነቻ! ጥቁሯ ጧ ባይ ግን የተሠራችውም የምትሸጠውም ለዚያ ነው።

ሻጮችም ስሙኝ። አልረግማችሁም፣ እናንተም ልጅ ታሳድጋላችሁ። ግን ለአሥራ አራት ዓመት ልጅ በስፕሪንግ የሚከፈት ስለት ስትሸጡ የምታገኟት ትርፍ ስንት ናት? ሰው የሚጠይቀውን ነው የምናመጣው ትላላችሁ። እሺ፣ እንግዲያው እኛ ገዢዎች እንጠይቅ። ሱቅ ስትሄዱ «ጧ የማይል፣ ቀጭን፣ አጭር፣ የሚሳል አለህ?» በሉ። የለኝም ካለ ሳትገዙ ውጡ። አሥር ሰው እንዲህ ካለው በአሥራ አንደኛው ያመጣዋል፣ ነጋዴ ነው እኮ።

ጨርሻለሁ። የስፕሪንጉን የገዛችሁ፣ ኪሳችሁ ውስጥ ያለችውን አውጡና ዛሬ ማታ ቲማቲም ላይ ሞክሯት፣ ውጤቱን ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። ባሌስትራ ቀጥቅጦ ደህና ስለት የሚያወጣ ባለእጅ በአካባቢያችሁ የምታውቁ ገበያውን ጠቁሙን፣ ሄደን እንግዛው። «ሰንጢ ያለው ሁሉ ዱርዬ ነው» የምትሉም ኑ፣ ግን መጀመሪያ የልጃችሁን ደብተር ገልጣችሁ ምላጩን አውጡ።